የምርጫ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት መሆን

የምርጫ መዛግብት ለሕዝብ ክፍት መሆን ማለት ምርጫን ወይም ሕዝበ ውሳኔን ለማካሄድ የተዘጋጁ ሰነዶችን ማንኛውም ሰው አይቶ፣ ገልብጦና አመሳክሮ ይፋ የተደረገው ውጤት ከየት እንደ መጣ ማወቅ መቻል ነው። ከሰነዶቹ ዋና ዋናዎቹ የመራጮች መዝገብ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ርክክብ፣ በየምርጫ ጣቢያው የሚሞላው የውጤት ቅጽ፣ የአቤቱታ መዝገብ እና በአቤቱታዎች ላይ የተሰጡ ውሳኔዎች ናቸው። በኢትዮጵያ እነዚህን ሰነዶች የሚያዘጋጀውና የሚይዘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 102 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው።

አንድ መራጭ ውጤቱን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትልቅ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ጣቢያዎች የተጻፉ ትናንሽ ቁጥሮች ድምር ነው። ትናንሾቹ ቁጥሮች ካልታዩ ትልቁን ማመን ወይም አለማመን እንጂ ማጣራት አይቻልም። ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ በ2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደባት ሐዋሳ ናት።

ሻፌታና ጎጆ

እንደ አዲስ አበባና እንደ ጎንደር ሁሉ ሐዋሳም ፒያሳ የሚባል ሠፈር አላት። ቃሉ የጣልያን ሲሆን አደባባይ ማለት ነው። ሐዋሳ ግን የተቆረቆረችው ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ ስለሆነ ስሙን የተዋሰችው ከቀደሟት ከተሞች ነው ማለት ይቻላል። የፒያሳ ነዋሪና ነጋዴ፣ እንደ መላዋ ከተማ፣ ከተለያዩ ብሔረሰቦች የተውጣጣ ነው።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ለድምፅ የቀረበው ጥያቄ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይቀጥል የሚል ነበር። ሐዋሳ በዚያን ጊዜ የደቡብ ክልልም የሲዳማ ዞንም መቀመጫ ስለነበረች ለከተማዋ ነዋሪ ጥያቄው የራሱ ከተማ የማን ዋና ከተማ ትሆናለች የሚልም ጭምር ነበር። ድምፅ መስጠት የሚችለው የሲዳማ ተወላጅ ብቻ ሳይሆን የዞኑ ነዋሪ ሁሉ ነው። ክልል ለመሆን የተመረጠው ምልክት ሻፌታ ነበር፤ ሻፌታ በፊቼ ጨምበላላ በዓል ቡርሳሜ የሚቀርብበት የሲዳማ ባህላዊ ገበታ ነው። በደቡብ ክልል ለመቀጠል ደግሞ ጎጆ ተመረጠ።

ወደዚህ ቀን የተደረሰው በቀላሉ አልነበረም። የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አጸደቀ፤ የደቡብ ክልል ምክር ቤትም ጥያቄውን ኅዳር 2011 ዓ.ም. ለምርጫ ቦርድ አስተላለፈ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ሕዝበ ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲደረግ ያዛል። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲዘገይ የሲዳማ ወጣቶች ንቅናቄ (ኤጄቶ) ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ክልልነት እንደሚታወጅ አስታወቀ። ቀኑ 11ኛው ወር፣ 11ኛው ቀን፣ 2011 መሆኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አልነበረም። በተከተለው ግጭት በርካታ ሰዎች ሞቱ፣ ንብረት ወደመ፣ ክልሉም በፌዴራል የጸጥታ ኃይሎች ዕዝ ሥር ገባ። ቦርዱ መጀመሪያ ለኅዳር 3 የቆረጠው ቀን በአንድ ሳምንት ተገፍቶ ድምፁ ኅዳር 10 ተሰጠ። በዚህ መካከል ያለፈ ሕዝብ የሚያምነው ቁጥር ያስፈልገው ነበር፤ የክልልነት ደጋፊውም፣ ተቃዋሚውም፣ ዳር ቆሞ የሚያየውም።

የወረቀቱ ጉዞ

በኢትዮጵያ ድምፅ የሚቆጠረው በተሰጠበት ጣቢያ ነው። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጣቢያው ሲዘጋ አስፈጻሚዎቹ በመጀመሪያ የቀሩትንና የተበላሹትን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች ይቆጥራሉ፤ በመዝገቡ ላይ የፈረሙትን መራጮች ይደምራሉ፤ ከዚያ ሳጥኑ ተከፍቶ ወረቀቶቹ እየተገለጡ ይለያሉ። ውጤቱ በቅጽ ይሞላል፣ አስፈጻሚዎችና የተገኙ ወኪሎች ይፈርሙበታል። የቅጹ አንድ ቅጂ በጣቢያው በር ወይም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሌላው ወደ ምርጫ ክልሉ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ቦርዱ ይሄዳል።

ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ከመዛግብቱ ሁሉ ለሕዝብ የቀረበው ነው። እሱን ለማየት ማመልከቻ መጻፍ፣ መታወቂያ ማሳየት ወይም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ፒያሳ ውስጥ ድምፁን የሰጠ ሰው በማግስቱ ወደ ሱቁ ሲሄድ ቆም ብሎ ሊያነበው፣ በስልኩም ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ችግሩ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ዝናብ ያበላሸዋል፣ ሰው ይቀደዋል፣ ጣቢያው ትምህርት ቤት ከሆነ ሰኞ ትምህርት ሲጀመር ይነሳል።

በፓርላማ ምርጫ ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት የፓርቲ ወኪሎች ናቸው። እያንዳንዱ ፓርቲ የጣቢያዎቹን ቅጂ ከሰበሰበ ቦርዱ ከሚያወጣው ድምር ጋር ሊያስተያየው ይችላል፤ ልዩነት ካለ ከየትኛው ጣቢያ እንደ መጣ ይታወቃል። በአገራችን አነጋገር ኮሮጆ ግልበጣ የሚባለው ማጭበርበር የሚፈራው ሳጥኑ ከጣቢያ ወጥቶ በመንገድ ላይ እያለ ነው፤ በጣቢያው ተቆጥሮ፣ ተፈርሞና ተለጥፎ ያደረ ውጤት ግን ሳጥኑ ቢገለበጥም አብሮ አይገለበጥም። በሕዝበ ውሳኔ ግን መቀመጫ የሚያሸንፍ ዕጩ የለም። ስለዚህ ቅጂውን ለራሱ ጥቅም ሲል ተከታትሎ የሚሰበስብ ወገን ሊጎድል ይችላል፤ በተለይ ከሁለቱ አማራጮች አንዱ የተደራጀ ቅስቀሳ ከሌለው። ያኔ ለማንም ክፍት የሆነው ቅጂ ዋጋው ከፍ ይላል።

ቁጥሮቹ ሲመረመሩ

ቦርዱ በሲዳማ 1,692 የምርጫ ጣቢያዎችን አዘጋጅቶ 6,843 አስፈጻሚዎችን አሰማርቶ ነበር። ለመምረጥ የተመዘገበው ሰው 2,280,147 ሲሆን ድምፅ የሰጠው 2,277,063 ነው። ሻፌታ 2,225,249 ድምፅ አገኘ፣ ጎጆ 33,463፣ 18,351 ወረቀቶች ደግሞ ዋጋ አልባ ተባሉ። ከዋጋ ካላቸው ድምፆች ውስጥ የሻፌታ ድርሻ ከ98.5 በመቶ ይበልጣል።

እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። የሻፌታና የጎጆ ድምፅ ሲደመር 2,258,712 ይመጣል፤ ዋጋ አልባው ሲጨመርበት ድምፅ ሰጠ ከተባለው ሰው ቁጥር ጋር እኩል ይሆናል። ይህ የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው፤ ማንም ሰው በካልኩሌተር ሊያደርገው ይችላል። ድምሩ መግጠሙ ግን የተደመሩት ቁጥሮች ትክክል መሆናቸውን አያሳይም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ወደ ጣቢያ ይወስዳል። ተመዝግቦ ያልመረጠው ሰው በመላው ዞን 3,084 ብቻ ነው፤ ለ1,692 ጣቢያ ሲካፈል በአንድ ጣቢያ ሁለት ሰው አይሞላም። አንድ ጣቢያ በአማካይ ወደ 1,350 የሚጠጋ ሰው መዝግቧል። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል በምዝገባውና በድምፅ መስጫው ቀን መሐል የታመመ፣ መንገድ የሄደ፣ ያረፈ ወይም ሐሳቡን የለወጠ ከሁለት አላለፈም ማለት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባሉት 12 ሰዓታት ደግሞ እያንዳንዱ ጣቢያ በአማካይ በሰዓት ከ110 በላይ ሰዎችን አስተናግዷል፤ በየጣቢያው የነበሩት አስፈጻሚዎች በአማካይ አራት ናቸው።

ይህ ስሌት ማጭበርበርን አያረጋግጥም። ምዝገባው ከድምፁ ቀን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀድሞ የተደረገ ነው፤ ጥያቄው ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠየቅ የቆየ ነው፤ ሰው ገና ሳይነጋ ሰልፍ ይዞ ነበር። በዚህ ላይ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ስለሆነ በጥቂት ጣቢያዎች የሚገኝ ስሕተት አሸናፊውን አይቀይርም። ነገር ግን «እንዲህ ያለ ተሳትፎ ሊሆን ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ክርክር ሳይሆን በየጣቢያው የተፈረመው መዝገብ ነው። ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ከተቆጠረ፣ ከሳጥኑ ከወጣው ወረቀት ጋር ከተመሳከረ ጥያቄው በአንድ ከሰዓት ይዘጋል። ሕጋዊ የሆነ ውጤትም ቢሆን መዝገቡ ካልታየ ጥርጣሬን ይዞ ይኖራል፤ በዚህ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት አሸናፊው ነው።

መዝገቡና ምሥጢሩ

ሁሉም የምርጫ ወረቀት በአንድ ዓይነት መንገድ ክፍት ሊሆን አይችልም። የውጤት ቅጽ የማንንም ሰው ሕይወት አይገልጥም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የመራጮች መዝገብ ግን የሰውን ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ፊርማ ይይዛል። በምርጫ ሕጉ መሠረት ምዝገባው ሲያበቃ መዝገቡ ለተወሰነ ጊዜ ለሕዝብ ዕይታ ይቀርባል። ዓላማው ነዋሪው ስሙ መግባቱን እንዲያረጋግጥ፣ የሞተ ወይም በቀበሌው የማይኖር ሰው ተመዝግቦ ካየም እንዲቃወም ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በሚያውቅበት ሠፈር ይህ ከማንኛውም ኮምፒውተር የተሻለ ማጣሪያ ነው።

መዝገቡን በጣቢያው ቆሞ ማየትና የመላውን ክልል መራጭ ስም ዝርዝር ይዞ መሄድ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስም ብሔርን መገመት በሚቻልበት፣ በቅርቡ ግጭት ባለፈበት ከተማ ሙሉ ዝርዝሩ በክፉ እጅ ሊገባ ይችላል። ማን መረጠ፣ ማን ቀረ የሚለውም ቢሆን በሠፈር ፖለቲካ ውስጥ ቀላል መረጃ አይደለም። የመረጃ ነጻነት ሕጉም የሦስተኛ ወገንን የግል መረጃ ከሚጠበቁት ነገሮች መካከል አስቀምጦታል። የተለመደው መፍትሔ ስሙን ሸፍኖ ቁጥሩን መስጠት ነው፦ በዚህ ጣቢያ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ፈረመ፣ ስንት ወረቀት ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ራሱ ነው። ስም ስለሌለበት ቢታይም የመረጠውን ሰው አያጋልጥም፤ ስለዚህ ድጋሚ ቆጠራ ሲታዘዝ ወኪሎች ባሉበት ይከፈታል።

1997 እና 2015

በኢትዮጵያ የውጤት ሰነድ ጉዳይ ከምንጊዜውም በላይ የከበደው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ነበር። ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎች የመጨረሻው ውጤት ሳይወጣ እየተሽቀዳደሙ ማሸነፋቸውን ተናገሩ። በጣቢያ የተቆጠረውና በኋላ የተገለጸው ውጤት አይገጥምም የሚሉ አቤቱታዎች ጎረፉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም የቆጠራውንና የድመራውን ግልጽነት ተቹ። ቦርዱ አጣሪ ቡድኖች አቋቁሞ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን 1997 ዓ.ም. ድምፅ እንደገና እንዲሰጥ አደረገ። በሰኔና በጥቅምት/ኅዳር በተነሱት ተቃውሞዎች ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። ክርክሩ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን ሊክደው የማይችል፣ በሕዝብ ፊት የተዘረጋ የጣቢያ ውጤት ስብስብ አለመኖሩ እሳቱን አላበረደውም።

ከ18 ዓመት በኋላ በወላይታ የሆነው ሌላ መልክ አለው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች የደቡብ ኢትዮጵያን ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ምርጫ ቦርድ በወላይታ ዞን የተፈጸሙትን የሕግ ጥሰቶች ከመረመረ በኋላ የዞኑን ውጤት ሰረዘው፤ ድምፅ አሰጣጡም ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ተደገመ። የመጨረሻው ውጤት የሚጠበቀውን አልቀየረም፣ አዲሱ ክልልም ተመሠረተ። ቢሆንም አንድ የመንግሥት ተቋም ራሱ ያስተዳደረውን ድምፅ መዝገብ መርምሮ «ይህ አይቆጠርም» ማለቱ በአገሪቱ የምርጫ ታሪክ ያልተለመደ ነው።

በሌሎች አገሮች

በኬንያ የጣቢያ ውጤት ቅጽ «34ኤ» ይባላል። ነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) የተደረገውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መስከረም 1 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የሰረዘው ውጤቱ የተላለፈበትና የተደመረበት መንገድ ሊረጋገጥ ስላልቻለ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ሰርቨሮች ለምርመራ እንዲከፍት ያዘዘው ትእዛዝም በአግባቡ አልተፈጸመም። በ2022ቱ (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ ጣቢያዎችን ቅጽ ፎቶ በድረ ገጽ አወጣ። ጋዜጦችና ተራ ዜጎች ጭምር ከቦርዱ ጋር እኩል መደመር ጀመሩ። ውጤቱ እንደገና ፍርድ ቤት ቢደርስም በዚህ ጊዜ ጸና።

በማላዊ ደግሞ የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የፕሬዚዳንት ምርጫ የተሻረው በማጥፊያ ቀለም ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በብዙ የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥሮች በነጭ ማጥፊያ ተሸፍነው በላያቸው ሌላ ተጽፎ ተገኘ። ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ የካቲት 3 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን ሰረዘ፤ በሰኔ በተደገመው ምርጫም ተቃዋሚው ላዛረስ ቻክዌራ አሸነፈ። ድምሩ ብቻ ቢታይ ኖሮ ማጥፊያው አይታይም ነበር።

የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2017 (እ.ኤ.አ.) መረጃ የማግኘት መብትን ከምርጫ ጋር የሚያያይዝ መመሪያ ያወጣ ሲሆን የምርጫ አካላት ሰነዶቻቸውን ሳይጠየቁ በራሳቸው ተነሳሽነት እንዲያወጡ ይመክራል።

በኢትዮጵያ ሕግ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 29 መረጃ የመሻትና የማግኘት ነጻነትን፣ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ይሰጣል። ምርጫ ቦርድ የሚሠራው በማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 1133/2011 እና በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። መረጃ የመጠየቅ ሥርዓቱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ይገኛል። የዚህ አዋጅ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ቢተካም የመረጃ ነጻነት ክፍሉ በሥራ ላይ ቆይቷል።

በዚህ ሕግ መሠረት ጠያቂው ጋዜጠኛ ወይም የፓርቲ ሰው መሆን የለበትም። ጥያቄው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ በቃል ከቀረበም ኃላፊው በጽሑፍ ያሰፍረዋል። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። ጠያቂውን የሚረዳው የሚፈልገውን ሰነድ ለይቶ መጥራቱ ነው፦ «የሐዋሳን ውጤት» ከማለት ይልቅ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑንና የቅጹን ዓይነት ጠቅሶ መጠየቅ «የለም» የሚለውን መልስ ያከብደዋል።

ለተራ ምርምር ይህ መንገድ በቂ ነው፤ ለምርጫ ክርክር ግን ሰዓቱ አይገጥምም። አዋጅ 590 ለተቋሙ እስከ 30 ቀን የመልስ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ሊራዘምም ይችላል። በቆጠራና በውጤት ላይ አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ግን በቀናት የሚቆጠር ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ውጤት ኅዳር 13 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፅ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ታወጀ። በማግስቱ ወደ ቦርዱ ሄዶ የአንድ ጣቢያ ቅጽ እንዲሰጠው ያመለከተ የፒያሳ ነዋሪ ቢኖር ሕጉ በሚፈቅደው የመጨረሻ ቀን መልሱን የሚያገኘው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነበር።